ባለቤቱ ይውሰደው!

በመኸር በዓል ጠዋት፣ በሐመልማን መንግሥት መናገሻ በጸዳል ከተማ፣ የንጉሡ ታላቅ ነጋሪት ማንም ሳይነካው ጮኸ። ነጋሪት ሲመታ «ድም! ድም!» ነው የሚለው፤ ያን ዕለት ግን እንደዚያ አላለም። «ማን? ማን? ማን?» አለ። በአደባባዩ ሞልቶ ይበላና ይጠጣ የነበረው ሕዝብ ጉርሻው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ በመዳፋቸው ደፈኑ። ያ ቃል በሐመልማን ምድር የተከለከለ ቃል ነበርና።

ለምን ተከለከለ? ልንገራችሁ፤ ስነግራችሁ ግን ደሜ ይፈላል። ሐመል ቀዳማዊ የሚሉት የመጀመሪያው ንጉሥ ለዙፋኑ ሲል የእናቱን ልጅ በተኛበት አረደው። ከድንኳኑ ሲወጣ ደሙ እስከ ክርኑ ደርሶ ነበር። ሠራዊቱን ሰበሰበና ምን አለ? «ወንድሜ ተገደለ» አለ። ተገደለ! ሠራዊቱም ደሙን አየ፣ ክርኑን አየ፣ ሊታደለው ያለውን መሬት አሰበ፤ ከዚያ «ወይ ጉድ፣ ተገደሉ እኮ!» ብሎ አብሮት አለቀሰ። በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ሕገ ንጽሕ ይባላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ክፉ ግስ ባለቤት የለውም።» ይህን ያወጣውን አፍ አፈር ይብላው! አፈሩስ በላው፤ ሕጉ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በሐመልማን ሌባ የለም፤ እህል ይጠፋል እንጂ። ነፍሰ ገዳይ የለም፤ ሰው ይሞታል እንጂ። ባል ሚስቱን አይደበድብም፤ ሚስት ትደበደባለች። ዳኛ ድሃ አይነቅልም፤ ድሃ ይነቀላል። ማድጋ የሰበረ ሕፃን እንኳ «ተሰበረ» ሲል እናቱ «ጎሽ፣ የኔ ጨዋ!» ትለዋለች። «ማን ሰበረው?» ያለ ሰው ግን ከሀገር ይባረራል። እንዲህ ተብሎ ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ሀገሩ በሙሉ ንጹሕ፣ ግን በሩን ሳይቀረቅር የሚያድር አንድ ሰው የለም!

ታዲያ ባለቤት ያጣ ክፋት የት ይሄዳል? ባለቤት ያጣ ከብት የሚሄድበት ነዋ፣ ወደ ዱር! ሕዝቡ በየትውልዱ «የእኔ አይደለም» እያለ የጣለው ሁሉ በሰሜን በኩል፣ የዓባራ ወንዝ ከሚፈልቅበት ከድንጋዝ ገደል ተጠራቀመ፤ ተጠራቅሞም ነፍስ ዘራ። ባለቤት-አልባ ይሉታል። ሲርበው የወንዙን ምንጭ በገላው ይደፍናል፤ ያን ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ይሰጡታል። ልጅቱን ጨረቃ እስክትጠፋ ያቆያታል፤ ጨረቃዋ ስትጠፋ ይውጣታል፤ ከዚያ ምንጩን ይለቃል። ያን ዕለትም ነጋሪቱ ጮኾ ሳያበቃ ዓባራ ደረቀ፤ ዓሣው በጭቃው ላይ ይንፈራገጥ ጀመር።

ወዲያው ዕጣ ሆነ። ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የአንዲቱን ልጅ ምልክት የጫረበትን ጠጠር በትልቅ ቅል ውስጥ ይጨምራል። ዕጣ አውጪው አጋፋሪ ጎልጃ፣ ሽበታም የጦር ሰው፣ ዓይኑን በጨርቅ ተሸፍኖ እጁን ወደ ቅሉ ሰደደ። ቆየት ብሎ አንድ ጠጠር አወጣ። የጋሻ ሠሪው ልጅ የሐመረ ጠጠር ነበር። ሐመረ ሳቂታ ልጅ ናት፤ ነገሩ እስኪገባት ድረስ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቆይቶ ነበር።

ንጉሥ እዝራቅ ከዙፋኑ ተነሣ። «ሕዝቤ ሆይ! ዕጣ ወጣ፤ ሐመረ ተመረጠች። ሐዘናችን ጥልቅ ነው» አለ። ጥልቅ ነው አለ፣ በጥርሱ መካከል የበዓሉ ሥጋ ተሰንቅሮ!

«ማን?»

አሁን የጮኸው ነጋሪቱ አልነበረም። የሐመረ ታላቅ እህት ቀጸላ ናት። አባትና እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የአባቷን መዶሻ ተረክባ ጋሻ የምትሠራ፣ ክንደ ብርቱ፣ ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ያለ ወጣት ናት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ዙፋኑ ፊት ደረሰች።

«ማን ነው የመረጣት? ተመረጠች ትላላችሁ፤ መራጩ ማን ነው? ጠጠሩ እግር አለው? ቅሉ አፍ አለው? በአባቴ ጋሻ እምላለሁ፤ ጨረቃ ሳትጠፋ እህቴን ከዚያ አውሬ እጅ አወጣታለሁ! ካላወጣኋት ቀባሪ አይኑረኝ፣ ሬሳዬን ውሻ ይብላው! ከተመለስኩ ደግሞ ይህችኑ ጥያቄ እያንዳንዳችሁን በየስማችሁ እጠይቃችኋለሁ!»

ንጉሡ እጁን አወዛወዘ። «ሐዘን አሳብዷታል፤ ትሂድ» አለ። ወደ አማካሪው ዘንበል ብሎም «ከሞተች፣ ሞተች ይባላል» ሲል አንሾካሾከ።

ሐመረን ወታደሮች ወደ ገደሉ ወሰዷት፤ ቀጸላም በማግስቱ ተከተለች። ሁለት ሰዎች አብረዋት ወጡ። አንደኛው ራሱ አጋፋሪ ጎልጃ ነው፤ ለምን እንደ መጣ ስትጠይቀው «መንገዱን አውቀዋለሁ» ብቻ አላት። ሁለተኛው የኔታ ዝክሮን ናቸው። ሕገ ንጽሕን ለከተማው ልጆች የሚያስተምሩ፣ ለሁለቱ እህትማማቾችም ፊደል ያስቆጠሩ ሊቅ ናቸው። «የተማሪዬን ሞት በወሬ አልሰማም» ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

ከጸዳል በስተ ሰሜን ያለው ሜዳ የጥላ ነካሾች ሀገር ነው። ጥላ ነካሽ ድመት የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ ከሆዱ በታች የሆነ ፍጡር ነው። ሥጋ አይነካም፤ የሰው ጥላ ላይ ተጋድሞ ይግጣል፤ ጥላው የተጋጠበት ሰው ጉልበቱ እየከዳው ይወድቃል። መንገደኞቹ ጥላ የሚያጥርበትን ቀትር እየጠበቁ ተጓዙ። ቢሆንም መንጋው ሌሎቹን ትቶ የአጋፋሪውን ጥላ ብቻ ተከተለ።

«ምነው አጋፋሪ፣» አለች ቀጸላ በጋሻዋ ጠርዝ አንዱን እየጨፈለቀች፣ «የእርስዎ ጥላ ቅቤ ተቀብቷል እንዴ?»

«ብዙ የተጫነው ጥላ ይጣፍጣቸዋል» አለ ጎልጃ። እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ከሜዳው ማዶ በአንድ ሾላ ሥር ሲያርፉ የኔታ ተከዙ።

«የሰው ልጅ እኮ ሲፈጠር ጥሩ ነው» አሉ። «እንደ ምንጭ ውሃ ጥሩ ነው። ክፋት ከውጭ ነው የሚመጣበት፤ ነፋስ እንደሚያመጣው አቧራ።»

«ኧረ ይተዉኝ የኔታ!» አለ ጎልጃ። «እኔ ሰውን በጦር ሜዳ አይቼዋለሁ። ከሥሩ የበሰበሰ ነው። የራበው ጅብና የጠገበ ሰው ፊት ለፊት ቢቆሙብኝ ወደ ጅቡ ነው የምሮጠው። ተፈጥሮው ነው፤ ምን ያድርግ?»

ቀጸላ የያዘችውን ኮዳ መሬት ላይ ወረወረችው።

«ሁለታችሁም አንድ ናችሁ! አንዱ ‹ከውጭ መጣብኝ› ይላል፤ ሌላው ‹ስፈጠር እንዲህ ነኝ› ይላል። የኔታ ነፋሱን ይከሳሉ፤ አጋፋሪ ሥሩን ይከሳሉ። ያ እጁን የሰነዘረው ሰውዬስ የት ሄደ? የክርክራችሁ ትርፉ እሱን ማሸሽ ነው! ሰው ጥሩ ሆነ መጥፎ ሆነ ምን ቸገረኝ? እኔ የምጠይቀው ማን እንዳደረገው ነው!»

የኔታ ኮዳውን አንሥተው መለሱላት።

«እውነትሽን ነው ልጄ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ቤታችሁ ሁለት ልጃገረዶች ናችሁ፤ ለቅሉ የሚሰጠው ጠጠር ደግሞ አንድ ነው። እንዴት የሐመረ ሆነ?»

«የሐመረ ገባ» አለች ቀጸላ። ጋሻዋን አንግታ ተነሣች። «እንሂድ፤ እየመሸብን ነው።»

ገባ! የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። የኔታ ሰምተዋል፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሕገ ንጽሕ ያደረ ጆሮ «ገባ» ሲባል «ማን አስገባው?» ማለትን አይችልበትም። ዘንጋቸውን አንሥተው ተከተሏት።

ከድንጋዝ ገደል የደረሱት የመጨረሻዋ ጨረቃ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥና በንጋት ሰማይ ላይ ሳለች ነው። ባለቤት-አልባ ከምንጩ አፍ ላይ ተከምሮ ነበር። ራስ የለው፣ ፊት የለው፤ ኮረብታ የሚያክል ጥቁር ገላ ብቻ። ገላውም በሙሉ የሰው እጅ ነው፤ የሚሰርቅ እጅ፣ የሚያንቅ እጅ፣ የሐሰት ማኅተም የሚያትም እጅ፣ ሚዛን የሚጫን እጅ። ከየመዳፉ ድምፅ ይወጣል። «ተሰረቀ... ታነቀ... ተከዳ... ተሸጠ...» ይላል። ሐመረ ከመካከሉ ቆማለች፤ አንዲት እጅ የእጇን አንጓ ጨብጣ ይዛታለች።

«ቀጹ!» ብላ ጮኸች። «መጣሽልኝ! እንደምትመጪ አውቅ ነበር!»

ቀጸላ ሰይፏን መዝዛ ተወረወረች። ሰይፉ ጉም እንደሚቆርጥ ሁሉ አለፈ። ደጋግማ ሰነዘረች፤ በከንቱ። ባለቤት የሌለው ነገር የሚቆረጥ አንገት ከየት ያመጣል?

«ማን ነው የወለደህ?» ብላ ጮኸች። «ማን? ንጉሡ ነው! ሐመል ነው! አጋፋሪው ነው ዕጣ ያወጣው! የኔታ ናቸው ሕጉን ያስተማሩት! ያ ሁሉ ከርሳም ሕዝብ ነው!»

በጠራችው ስም ሁሉ አውሬው አንድ አዲስ ጠቋሚ ጣት አበቀለ። አበጠ፣ ሰፋ።

«ጨምሪልኝ» አለ። «መጠቆም ይጣፍጠኛል። ለመሆኑ አንቺስ?»

ቀጸላ በመልስ ፈንታ ሰይፏን እንደገና ሰነዘረች። ያን ጊዜ አጋፋሪ ጎልጃ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ሰይፉን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ፊት ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የአውሬው ድምፅ ተቋረጠ።

«ዕጣ ሳወጣ ዓይኔ ይሸፈናል፤ ጣቴ ግን አይሸፈንም። የልጄን ጠጠር ሰም እቀባው ነበር። ሰሙን ስነካ እተወዋለሁ፤ የሌላውን ልጅ አነሣለሁ። ልጄን ስለምወድ ነው። ነገር ግን ፍቅሬ አይደለም ያደረገው፤ እኔ ነኝ ያደረግኩት። ወለላን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ብርዛፍን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሐመረን የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ» ባለ ቁጥር ከአውሬው ገላ እጅ እየተነቀለ ይወድቃል፤ በመሬት ላይ እየዳኸ መጥቶም በደረቱ ይገባል። ሽማግሌው ተንበረከከ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይብቃዎት አጋፋሪ!» አሉ የኔታ። «መሞትዎ ነው እኮ!»

«አልጨረስኩም!» ብሎ ጮኸባቸው። «የዛራን መንደር ከነሰዉ ያቃጠልኩ እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው አልልም። ችቦው በእኔ እጅ ነበር። ‹ሰው ከሥሩ የበሰበሰ ነው› እያልኩ በዚያ ተሸፍኜ የኖርኩ እኔ ነኝ። መልካም ማድረግ እችል ነበር፤ አሁንም ይኸው እየቻልኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ የወደቁትን እጆች ማንም አልቆጠራቸውም። ገላው የአንድ ሕይወት በደል ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመለስበት አልቻለም፤ በግንባሩ ተደፋና ሞተ። አውሬው በሬ አክሎ ቀረ። ከሥሩም ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

የኔታ ዝክሮን ቀረቡ። «ሕጉ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ፣ ወንበሬን እንዳላጣ ያስተማርኩ እኔ ነኝ» አሉ። ቀለም የነካው እጅ ወድቆ ወደ ደረታቸው ገባ፤ ሽማግሌው በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ። አውሬው ጥጃ አከለ።

አሁን ሐመረን የያዘቻት ያቺ አንዲት እጅ ብቻ ናት። ቀጸላ ጠጋ ብላ ያቺን እጅ አየቻት። አውራ ጣቷ ላይ የመዶሻ እጀታ ያወጣው ጠንካራ ቆዳ አለ። የመሐል ጣቷ ጥፍር ተሰንጥቆ ያደገ ነው፤ በልጅነት መዶሻ ያረፈበት ጥፍር። ቀጸላ የገዛ ቀኝ እጇን አየች፤ ከዚያም የአውሬውን። አንድ ነበሩ።

«ቀጹ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ሐመረ። «ፍቺኝ እንጂ! ጨረቃዋ እየጠፋች ነው!»

ቀጸላ ዝም ብትል ሐመረ ትሞታለች፤ እህቷን እንደወደደች ትሞታለች። ብትናገር ሐመረ ትድናለች፤ እህቷን ጠልታ ትኖራለች። ያቺ ንጉሥ ፊት ስታገሣ የነበረች ሴት ራሷን እንዲህ አድርጋ ጠልታ አታውቅም ነበር። እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደችና ከእጥፋቱ ውስጥ አንዲት ጠጠር አወጣች።

«ይቺ የእኔ ናት» አለች። «ያን ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። የእኔን ልከት ነበር፤ ታላቅሽ ነኝ። ቅሉ ዘንድ ስደርስ ፈራሁ። የእኔን ሸሸግኩ። አልገባም ሐመረ። ጠጠርሽ አልገባም። እኔ አስገባሁት።»

የአውሬው እጅ ተፈታች። በመሬት ዳኸች፤ በቀጸላ ደረትም ገባች። ፍም የዋጡ ያህል ያቃጥል ነበር። ሐመረ የተለቀቀ አንጓዋን በሌላው እጇ ይዛ እህቷን አየቻት። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ከምንጩ አፍ የዓባራ ውሃ ፈነዳ። ባለቤት-አልባ አሁን ውሻ አክሎ፣ የሌሎች ሰዎችን እጆች ብቻ ተሸክሞ፣ ከድንጋዩ ሥር ይንቀጠቀጣል። አሁን አንገት አውጥቷል።

«ግደዪው!» አሉ የኔታ።

ቀጸላ ሰይፏን አነሣች፤ መልሳም ሰገባው ውስጥ ጨመረችው። «የሰው ከብት አልገድልም» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ባለቤት አለው።» በአንገቱ ገመድ አስገባችለት። አጋፋሪ ጎልጃን በምንጩ ዳር ቀብረው፣ የራስ ቁሩን በመቃብሩ ላይ አኑረው ተመለሱ።

በሐመልማን የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ገበያ መሀል ነድቶት ይገባና ይጣራል። ቀጸላም እንደዚያው አደረገች። አውሬውን እየጎተተች አደባባዩ መሀል ቆመች። ንጉሥ እዝራቅ ካባውን ደርቦ ብቅ አለ፤ «ሕዝቤ ሆይ! እነሆ አውሬው ድል ተደረገ! ወንዙ ተመለሰ!» አለ። ለመልካሙም ቢሆን ባለቤቱን አይጠራም፤ ለነገሩ በልምድ ነው።

«የጠፋ ከብት ያላችሁ!» ብላ ጮኸች ቀጸላ። «ባለቤቱ ይውሰደው! እኔ የራሴን ወስጃለሁ፤ የገዛ እህቴን ለአውሬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። አጋፋሪ ጎልጃ የራሱን ወስዶ ሞቷል። የተረፈው የእናንተ ነው። ባለቤቱ ይውሰደው!»

ከዚያ የጎልጃ ልጅ እያለቀሰች ወጣች። «ሰሙን አይቼ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ» አለች። አንድ እጅ ወደቀ። አንዲት እህል ነጋዴ «ሚዛኑን የማጎድል እኔ ነኝ» አለች። አንድ ጎልማሳ ሚስቱን ሳያይ «የምደበድባት እኔ ነኝ» አለ፤ ሚስቱ «ጮክ ብለህ!» አለችው፤ ጮክ ብሎ ደገመው። ሌሎችም ወጡ። አብዛኛው ግን፣ ሆድ ይፍጀው፣ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ሹልክ አለ። ንጹሓን ናቸዋ!

አውሬው ድመት ሲያክል ገመዱ ሾለከለት። ሰው ሊሸሽ ሲል አውሬው ማንንም አልነካም። ቀስ እያለ ደረጃውን ወጣና በንጉሥ እዝራቅ እግር ሥር ተኛ፤ ጌታውን እንዳገኘ ውሻም ጫማውን ይልስ ጀመር።

«ተ... ተሳስቶ ነው!» አለ ንጉሡ። «ይወሰድልኝ!»

«ማን ይውሰደው?» አለ ከሕዝቡ መሀል አንድ ድምፅ። ሌላውም ተቀበለው። «ማን?» አደባባዩ በሙሉ እንደ ነጋሪቱ «ማን? ማን?» እያለ ጮኸ። ንጉሡ በእርግጫ መታው፤ ተመልሶ መጣ። ወደ እልፍኙ ሮጠ፤ ተከተለው። እስከ ዛሬም በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል ይባላል። አይ፣ ይባላል አልልም፤ የምለው እኔ ነኝ።

ቀጸላ እህቷን ከዓባራ ዳር አገኘቻት። ሐመረ አንጓዋን በውሃ ታጥብ ነበር፤ የጣቶቹ ሰንበር ገና አልጠፋም።

«ሐመረ፣» አለች ቀጸላ፣ «ይቅርታ ይደረግልኝ።»

ሐመረ ዞረች። ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር።

«ማን ያድርግልሽ?»

«አንቺ» አለች ቀጸላ። «አንቺ ይቅር በዪኝ።»

«ዛሬ ይቅር አልልሽም» አለች ሐመረ። «ይህን የምልሽ እኔ ነኝ። የምልሽ ቀን ከመጣም እኔው ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ድረስ ጠጠርሽን ከመቀነትሽ እንዳታወጪያት።»

እንስራዋን ሞልታ፣ አዝላ፣ ዳገቱን ወጣች። ወደ ኋላ አላየችም። ቀጸላም አልጠራቻትም፤ እህቷ በገዛ እግሯ ስትሄድ እያየች እዚያው ቆመች።